ለስላሳ የተባለው ኳስ

ከመጀመሬ በፊት ምን እንደማውቅና ምን እንደማላውቅ ልናገር። የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት የማስረጃ ሕግ በማስተማር ነው፤ ምስክር ሆኖ የሚቆም ሰው አስቀድሞ የነበረበትን ቦታ፣ የሰዓቱን ብርሃንና የዓይኑን ጤንነት ማሳወቅ እንዳለበት ለብዙ ተማሪዎች ስነግር ኖሬአለሁ። አሁን ተራው የኔ ሆነ። የምጽፈው በሁለት ምንጮች ላይ ቆሜ ነው። አንደኛው የራሴ ትዝታ ነው፤ ከሁለቱ ይበልጥ የምጠረጥረውም እሱን ነው፤ ደጋግሜ ስላወራሁት በአፌ ተወልውሎ ቅርጹን ሳይለውጥ አልቀረም። ሁለተኛው የልጅነት ጓደኛዬ ጀማል ነው። ጀማል በጭሮ ገበያ ዳር ጨርቅ፣ ክርና ላስቲክ ይሸጣል፤ እኔ አገር ለአገር ስዞር እሱ ከከተማው አልራቀም። ሁለታችን የተስማማንበትን እንደ ሆነ ነገር እጽፈዋለሁ፤ ያልተስማማንበትንም አልደብቅም። ነገሩ የሆነበትን ዓመት አትጠይቁኝ። ወቅቱ የማንጎ ወቅት ነበር እላለሁ እኔ። «አቦ፣ የምን ማንጎ?» ይላል ጀማል። «ጭቃው መቼ ደረቀና! ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት።» በዚያች ቀን ጉዳይ ከኔ ይልቅ እሱ ሊታመን ይገባዋል፤ አንድ ዓይኑን ያጣባት ቀን ናትና። ደግሞም ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። የተቆጣ ምስክር ብዙ ያያል፤ አየሁ ያለውን ሁሉ ግን መቀበል አይገባም።

ያስቆጣኝ ነገር የዛሬ እንጂ የጥንት አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ጭሮ፣ ከሴት ልጄ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ የባጃጆቹ ጩኸት ረገብ ሲል በረንዳ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። አንድ ቀን ከሥር ካለው ትምህርት ቤት ሜዳ አጭርና ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፤ «ጧ» የሚል። ጆሮዬ ከአእምሮዬ ቀድሞ አወቀው። መጽሐፉን ዘግቼ ወረድሁ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ጫት የሚያስሩትን ሴቶች አልፌ ወደ አጥሩ ስጠጋ ቀይ ካናቴራ የለበሱ ታዳጊ ሴቶች አየሁ። አጥሩ ላይ «የታዳጊ ሴቶች የለስላሳ ኳስ ሥልጠና» የሚል ሸራ ተወጥሯል። አንዷ ኳስ ትወረውራለች፤ ሌላዋ ዱላ ይዛ ትጠብቃለች፤ ከባለዱላዋ ጀርባ ደግሞ አንዲት ልጅ ቁጢጥ ብላ ያመለጠውን ኳስ ትቀልባለች። ቀላቢዋ የልጄ ልጅ ማህሌት ነበረች። እጇ ላይ ትልቅ የቆዳ ጓንት አለ፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዱላው በተወዛወዘ ቁጥር ጫፉ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት እያፏጨ ያልፋል።

«አባባ! አዩኝ?» ብላ ላቧን እየጠረገች መጣች።

«አየሁሽ። ፊት ላይ የሚደረገው የት አለ?»

«ምኑ?»

«በሽቦ የተሠራው። ፊት የሚሸፍነው።»

«እሱማ ንብረት ክፍል ነው! ለእንግዳ ነው እንጂ ለኛ መቼ ይሰጡናል?» አለችና ሳቀች። «ደግሞ ለስላሳ ኳስ እኮ ነው አባባ።»

ያቺን ቃል ስሰማ አጥሩን በሁለት እጄ ያዝሁ። ይህ የእርጅና ድክመት ነው ቢሉኝ አልከራከርም፤ እኔ ግን ቁጣ እንደነበር አውቃለሁ።

ጭሮ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበረች፤ እኛ ሽማግሌዎች ዛሬም ስንጨዋወት ሁለቱን ስም እናፈራርቃለን። የካኪ ቁምጣ፣ በከሰል ካውያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ቅዳሜ ታጥቦ በጠመኔ የሚነጣ ሸራ ጫማ አድርገን እንማር ነበር። ጠመኔው የሚሰረቀው ከክፍላችን መሆኑን መምህራኑ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ጫማችን ሲነጣ ሰሌዳው ባዶ ይሆናልና። ወደ ሐረር የሚሄደው አውቶቡስ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ አንድ የመናዊ ሻይ ቤት ነበረው፤ ሬዲዮኑን ወደ መንገዱ አዙሮ ያስቀምጠዋል፤ ተሳፋሪው እስኪጫን ድረስ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴም በአረብኛ ዘፈን ይለቀቃል። ቃላቸውን ረስቼ ዜማቸው ብቻ ቀርቶኛል፤ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ከሚጮኸው መካከል አንዳንዴ የሚመስላቸው ሲመጣ ሾፌሩን ዝግ በል እለዋለሁ። ሽሮፕ የጠጣ ሙሸበክ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥልን ነበር፤ ጋዜጣው ጣፋጩ ላይ ስለሚታተም ዜናውን ልሰን ነው የበላነው እንላለን። ሻዩ ከሙሸበኩ ጋር አሥር ሳንቲም ነበር ባይ ነኝ። ጀማል አሥራ አምስት ነው ብሎ ይምላል። ጋባዡ ሁልጊዜ እሱ ስለነበር፣ ለእሱ እተውለታለሁ።

ጨዋታውን ያመጣልን ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ስሙን ጀማልም እኔም ረስተነዋል፤ «ሚስተር» እንለው ነበር። አንድ ቀን አረንጓዴ ጆንያ ተሸክሞ ሜዳ ላይ ዘረገፈው፤ የእንጨት ዱላዎች፣ የቆዳ ጓንቶች፣ ነጫጭ ኳሶች፣ በመጨረሻም አንድ የሽቦ ፍርግርግ፣ ዙሪያው በቆዳ የተለበደ። ጀማል እጁ ፈጣን ስለነበር ቀላቢ ሆኖ ተመረጠ። ፍርግርጉን መጀመሪያ ያጠለቀ ዕለት ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

«ጀማል፣ ምን ሰርቀህ ታሰርህ?»

«እራትህን በመስኮት እናቀብልህ?»

ጀማል ከሽቦው ውስጥ ሆኖ፣ «የታሰራችሁትስ እናንተ! እኔ ከውስጥ እየጠበቅኋችሁ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ፍርግርጉ ያስቀናን ጀመር፤ ሁላችንም ለመሞከር እንሰለፍ ነበር።

ስሙን የተረጐሙት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ቆመው፣ ሶፍት ማለት ለስላሳ፣ ቦል ማለት ኳስ መሆኑን አስረድተው፣ ትምህርት ቤታችን «የለስላሳ ኳስ» ቡድን ያቋቋመ መሆኑን በኩራት አበሠሩ። ከኋላ ረድፍ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ለስላሳው ቀዝቃዛ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ እስከ ሜዳው ጥግ በኩርኩም ተሸኘ። ሚስተር ግን ትርጉሙ ሲነገረው አልሳቀም። ኳሱን አንሥቶ በጣቱ አንኳኳው፤ እንደ በር ነው የጮኸው። በዚያች ስብርባሪ አማርኛው «ይሄ ስም ውሸታም» አለን። ያለ ፍርግርግ ከመቺ ጀርባ የሚቀመጥ ካለ ጨዋታው እንደሚቆም ደንብ አወጣ፤ እሱ እስካለ ድረስ ደንቡ ተከበረ። ኳስ ዱላውን ስቶ ሲያልፍ ብዙም አያስፈራም፤ አቅጣጫው ይታወቃል። የሚያስፈራው ዱላው ጠርዙን ብቻ ነክቶት ወደ ኋላ ሲያፈተልክ ነው። ያን ጊዜ የቀላቢው ፊት እንጂ ሌላ የሚቀበለው የለም።

ሚስተር ለጥቂት ቀናት ወደ ሐረር በሄደበት ሳምንት ከጠቅላይ ግዛቱ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ፍርግርጉን አስወልውለው ቢሯቸው ባለው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከዋንጫዎቹ ጎን አስቀመጡት። ጎብኚዎቹ መጥተው ሄዱ፤ ፍርግርጉ አልወጣም። ጀማል ሊጠይቅ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የሰማሁት ይህ ነው፦ «የምትጫወቱት ለስላሳ ኳስ አይደለም እንዴ? ለለስላሳ ነገር ብረት ምን ያደርጋል? ይህ የመንግሥት ንብረት ነው። ብትሰብረው አባትህ ሱቁን ሸጦ አይከፍለውም።» ጀማል «ሱቁን» ሳይሆን «ቤቱን» ነው ያሉት ይላል። ሌላው አንድ ነው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተጫወትን። መቺው ማን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንጽፈውም፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ድምፁ የተለመደው «ጧ» አልነበረም፤ ቀጠን ያለ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ እርጥብ ድምፅ ተከተለ። ጀማል አልጮኸም። ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ደፋ። በጭነት መኪና ሐረር ወሰዱት፤ ዓይኑ በመንገድ ላይ ፈሶ እንደሆነ ወይም ሐኪሞቹ አውጥተውት እንደሆነ እሱም በእርግጠኝነት አያውቅም። ከተማው ግን ሁሉን ያውቅ ነበር። የዓይን ጥላ ነው አሉ፤ በእናቱ የቀና ሰው አለ አሉ፤ አላህ የጻፈው ነው፣ እግዜር ያመጣው ነው አሉ። ርዕሰ መምህሩ እንደገና ከሰንደቁ ሥር ቆሙ፤ ጨዋታው አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ መታገዱን ነገሩን። ከሳምንት በፊት ለስላሳ የነበረው ኳስ እንዴት አደገኛ ሊሆን እንደቻለ የጠየቃቸው የለም። ሚስተር ሲመለስ ቢሯቸው ገብቶ በሩን ዘጋ፤ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ሰማነው፤ ቃሉን አልያዝነውም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ፍርግርጉ ትምህርቴን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ከዋንጫዎቹ ጎን ነበር፤ አንዲት ጭረት ሳትነካው፣ እንደ ብርቅ ተወልውሎ።

ይህን ሁሉ የልጅ አገር፣ የድሮ ዘመን፣ ያልተማረ ጊዜ ብዬ ልተወው እችል ነበር፤ ብዙ ጊዜም እንዲያ ብዬ ትቼዋለሁ። የዛሬው ቁጣዬ ይህን ማምለጫ ነሣኝ። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። አሠልጣኙ መምህር ቶላ ገና ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ ነው፤ ወደ ንብረት ክፍሉ ይዞኝ ገባ። ንብረት ክፍሉን የሚይዙት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። የዛሬዎቹ ልጆች ፍርግርግ ከጀርባቸው በተቆለፈ ባለመስታወት መደርደሪያ ውስጥ፣ የመጣበት ፕላስቲክ ሳይወልቅለት ተቀምጧል።

«ይቀመጡ ጋሼ» አሉኝ።

«መቀመጥ አልፈልግም። ያ ነገር ለምንድን ነው የተቆለፈው?»

«በስሜ የገባ ንብረት ነው። በዕርዳታ የሰጡን ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ላብ ነው፣ አቧራ ነው፣ መወርወር ነው። ቢሰበር ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው።»

«የልጆቹ ፊት ቢሰበርስ?»

«ኧረ ምን ይላሉ! እሱን እግዜር ይጠብቃል።»

«የልጆቹን ፊት እግዜር ከጠበቀ፣ ፍርግርጉንስ ለምን አይጠብቅም?»

ወይዘሮ ዘነበች አንገታቸውን ደፉ። ቶላ ጣልቃ ገባ። «እኔም ጠይቄአለሁ ጋሼ። ከላይ ያሉት ስሙን አይተው አስቸኳይ አይደለም ይሉኛል። ለስላሳ ከሆነ ምን ያስቸኩላል ነው የሚሉት። ቅዳሜ ደግሞ ከበደሳ ከተማ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን።»

«የበደሳ መቺዎች እንዴት ናቸው?»

ቶላ ወደ ፍርግርጉ አየ። «አንዷ... ኃይለኛ ናት።»

እዚህ ላይ የኔን ሙያ ቋንቋ ልጠቀም። አንድ ዕቃ ቢጠፋ ፈራሚ አለው፤ ፈራሚው ይጠየቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል፤ ጥንቃቄውም ቁልፍ ነው። አንዲት ልጅ ዓይኗን ብታጣ የፈረመላት የለም፤ ስለዚህ የሚጠየቅ የለም፤ የሚጠየቅ ሲጠፋ እግዜር ይጠየቃል። ወይዘሮ ዘነበች ክፉ ሴት አይደሉም። ርዕሰ መምህሩም ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ለጀማል መታከሚያ ከኪሳቸው እንዳዋጡ ሰምቻለሁ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ከክፋቱ ጋር ይሞት ነበር። ይህ ግን ልማድ ነው፤ ልጅን ሊጠብቅ የመጣውን ዕቃ ከልጅ የሚጠብቅ ልማድ፤ ከመንግሥት መንግሥት፣ ከቁልፍ ቁልፍ እየተላለፈ እስከ ዛሬዋ ጭሮ ድረስ በጤና ደርሷል። መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ከተማው ስሙን ለወጠ፣ እኔ አረጀሁ፤ እሱ ግን አንዲት ሽበት አላወጣም።

ያን ማታ ማህሌትን ቅዳሜ እንዳትጫወት ከለከልኋት። አላለቀሰችም። ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ «እኔ ብወጣ በኔ ቦታ ጓደኛዬ ራቢያ ናት የምትቀመጠው» አለችኝ። «የራቢያ ዓይን አያሳዝንዎትም?» አያቶች ሁሉ የራሳቸውን እየለዩ ከሜዳ ካወጡ፣ መጨረሻ ላይ ቁጢጥ የምትለው አያት የሌላት ልጅ ናት።

ጠዋት ወደ ጀማል ሱቅ ሄድሁ። ነገሩን ስነግረው የሚለካውን ጨርቅ ሳይጨርስ ጥቁር መነጽሩን አስተካክሎ ተነሣ። «ና እንሂድ» አለ። ወይዘሮ ዘነበች ሲያዩን፣ «ዛሬ ደግሞ ሽማግሌ ይዘው መጡ?» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ።

«እኔ ዕርቅ አላውቅም፤ ነጋዴ ነኝ» አለ ጀማል። «ደህና ነሽ እኅቴ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ንብረት ክፍል ነሽ አይደል?»

«አዎን አባቴ።»

መነጽሩን አወለቀ። ከስልሳ ዓመት ባልተናነሰ ወዳጅነታችን በሰው ፊት ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተዘጋውን ጉድጓድ ወደ እሳቸው አዞረ። «ይሄ በማን ስም ነው የተመዘገበው? ወላሂ፣ እስካሁን እየፈለግሁት ነው። የሚመለከተውን ካወቅሽ ንገሪኝ።»

ቶላ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይዘሮ ዘነበች ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። ፍርግርጉን ከፕላስቲኩ ሲያወጡት፣ እኔ ልሞክረው ብዬ ማሰሪያውን ወደ ጭንቅላቴ ሳብ አደረግሁት። ተበጠሰ። ሳይነካ የተቀመጠ ጎማ ለካ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ሲጠብቁት የኖሩት ነገር በጥበቃው አልቋል። እጄ ላይ የቀረችውን ቁራጭ አይቼ፣ ለስድብ የሚሆን ቃል በሦስት ቋንቋ ፈልጌ አጣሁ። «ሰበሩት እኮ!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች ከልምድ። ጀማል ፍርግርጉን ከእጄ ተቀበለ። «አቦ ተዪው፤ ላስቲክ የምሸጠው ለዚህ ነው» አለና ሰፊ የቀበቶ ላስቲክ ከሱቁ አምጥቶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ ሰፋው።

ማህሌት በመጀመሪያ አልወደደችውም። «ፊቴ አይታይም» አለች፤ ጓደኞቿም፣ «ማሂ፣ ስንት ዓመት ፈረዱብሽ?» እያሉ ከበቧት። የስንት ዘመን ቀልድ መሆኑን አልነገርኋቸውም። ራቢያ ነጥቃ አጠለቀችውና፣ «እንዳይወስዱብሽ፤ ሁለተኛው ዙር የኔ ነው» ስትላት ነው ማህሌት መልሳ የነጠቀቻት።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። የበደሳዋ መቺ ቶላ እንዳለው ነበረች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዱላውን እንደ ጅራፍ የምታፈጥን። ጨዋታው ሊጋመስ ሲል ያን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ማየት ሲገባኝ አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ለአንድ የማስረጃ ሕግ መምህር ይህ አሳፋሪ ነው። ስገልጥ ማህሌት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ራሷን እንደ ውሻ አራገፈች፣ ኳሱን ከእግሯ ሥር አንሥታ ወረወረች፣ ተመልሳም ቁጢጥ አለች። ጎኔ የቆመው ጀማል ክንዴን እስኪያመኝ ጨብጦ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ወይዘሮ ዘነበች ንብረታቸውን ሊረከቡ መጡ። ፍርግርጉን በብርሃን አገላበጡት። «ይሄ ሽቦ ጎብጧል» አሉ። «ስሰጣችሁ ቀጥ ያለ ነበር።» ቶላ ፈጠን ብሎ፣ ከመጀመሪያውም ጎባጣ ነበር አለ፤ ዕዳው በማን እንደሚወድቅ ያውቃልና አልፈርድበትም። ጀማል ብረት ሲመታ በጆሮው መስማቱን ተናገረ። ማህሌትን ስጠይቃት፣ ኳሱ በጆሮዋ አጠገብ አለፈ እንጂ ጨርሶ እንዳልነካት፣ የወደቀችውም እግሯ አዳልጧት እንደሆነ ማለች፤ እሷም ሌላ ቀን እንዳልከለክላት ፈርታ ሊሆን ይችላል። አራት ምስክሮች ናቸው፤ ሁሉም የሚሉትን የሚሉበት ምክንያት አላቸው። እኔ ፍርግርጉን ተቀብዬ ፊቷ ላይ መልሼ አደረግሁትና የጎበጠውን ሽቦ በጣቴ ዳበስሁት። ከግራ ዓይኗ ትይዩ ነው፤ ጉብጠቱም ወደ ውስጥ ነው። ይህን አረጋግጫለሁ። ያጎበጠው ያ ኳስ መሆኑን ግን አላረጋገጥሁም።